በየሃያ ሁለት ዓመቱ፦ ፓርክፊልድና የመሬት መንቀጥቀጥ ትንበያ

የመሬት መንቀጥቀጥን አስቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ሁለት ጥያቄዎችን ያነገበ ሲሆን፣ ሁለቱ በየፊናቸው ሳይታዩ በመቅረታቸው ብዙ ተስፋና የዚያኑ ያህል ብስጭት ተፈጥሯል። አንደኛው ጥያቄ በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ምን ያህል መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ይደርሳል የሚል ሲሆን፣ የሚጠብቀው መልስ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በአንድ አካባቢ በመጪዎቹ ሠላሳ ወይም ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ከባድ መንቀጥቀጥ የመከሰት ዕድሉ ከመቶ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የሕንፃ ደንብ የሚጻፍበት፣ የግድብና የድልድይ ጥንካሬ የሚወሰንበት፣ የመድን ዋጋም የሚተመንበት ሥራ ላይ የዋለ ዕውቀት ነው። ለመጀመሪያው ግን እስከ ዛሬ አስተማማኝ ዘዴ አልተገኘም። ከአንደኛው ወደ ሌላው ለመሻገር የተደረገው በጣም የታወቀና በጣም ግልጽ ሙከራ በካሊፎርኒያ፣ ፓርክፊልድ በምትባል ነዋሪዎቿ በጥቂት አሥሮች በሚቆጠሩ የገጠር መንደር የተካሄደው ነው። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሙከራው የተመሠረተበት ሐሳብ ከሳን ፍራንሲስኮ ጥፋት የተወለደ ነው። በሚያዝያ 1906 ከተማዋን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ምድር 470 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር ተሰንጥቃ በግራና በቀኝ ያለው መሬት በተቃራኒ አቅጣጫ ተንሸራተተ። ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተደረጉትን የቅየሳ ልኬቶች ካነጻጸረ በኋላ በ1910 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ከስንጥቁ ርቀው የሚገኙት ቦታዎች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ቀስ እያሉ ሲንቀሳቀሱ የቆዩ ሲሆን፣ ስንጥቁ ዳር ያለው አለት ግን እርስ በርሱ ተናክሶ በመያዙ መንቀሳቀስ አልቻለም። በዚህ ምክንያት አለቱ በሁለት እጅ ተይዞ እንደሚታጠፍ ልምጭ እየጎበጠ፣ በውስጡም ውጥረት እያጠራቀመ ይሄዳል፤ ውጥረቱ የስንጥቁን ሁለት ግድግዳዎች ከያዛቸው ሰበቃ ሲበልጥ አለቱ ድንገት ተንሸራትቶ ወደ ቀድሞ ቅርፁ ይመለሳል፣ የተጠራቀመውም ኃይል በማዕበል መልክ ምድርን ያንቀጠቅጣል። ይህ አስተሳሰብ የመለጠጥና የመመለስ ንድፈ ሐሳብ ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ በውስጡ አንድ የሚያጓጓ ውጤት አለ፦ የመሬት ሰሌዳዎች በእኩል ፍጥነት የሚጓዙ ከሆነ፣ ስንጥቁም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የውጥረት ደረጃ ላይ የሚለቅቅ ከሆነ፣ መንቀጥቀጦች በተመጣጠነ የጊዜ ልዩነት መደጋገም አለባቸው። ሪድ ራሱ በስንጥቁ ተሻጋሪ የመለኪያ ምሰሶዎች ቢተከሉ የሚቀጥለውን መንቀጥቀጥ መቃረብ ለማወቅ እንደሚቻል ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ሳን አንድሪያስ የተባለው ስንጥቅ፣ ባለሙያዎች ፎልት ከሚሏቸው የምድር ቅርፊት ስብራቶች አንዱ ሲሆን፣ የፓሲፊክ ሰሌዳ ከሰሜን አሜሪካ ሰሌዳ ጋር ጎን ለጎን እየተፋተገ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያልፍበት ድንበር ነው፤ በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ ያለው ፍጥነቱም በዓመት ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ፓርክፊልድ የምትገኘው ደግሞ የስንጥቁ ጠባይ በሚለወጥበት ቦታ ላይ ነው። ከመንደሯ በስተሰሜን ያለው ክፍል ውጥረት ሳያጠራቅም ያለማቋረጥ በዝግታ ሲንሸራተት፣ በስተደቡብ ያለው ግን ከ1857ቱ ታላቅ መንቀጥቀጥ ወዲህ ተቆልፎ እንደቆየ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ክፍል ከፊል ተንሸራታች፣ ከፊል የተቆለፈች በመሆኗ መጠናቸው 6 አካባቢ የሚሆን መንቀጥቀጦችን ትወልዳለች። መጠን ሲባል በመንቀጥቀጡ ምንጭ ላይ የተለቀቀውን ኃይል የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ በአንድ በጨመረ ቁጥር የሚለቀቀው ኃይል ሠላሳ ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ የፓርክፊልዱ 6 ከሳን ፍራንሲስኮው ወደ 8 የተጠጋ መንቀጥቀጥ ጋር በኃይል ረገድ የሚነጻጸር አይደለም።

እንዲህ ያሉ መንቀጥቀጦች በፓርክፊልድ በ1857፣ በ1881፣ በ1901፣ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 ደርሰዋል። ልዩነታቸው ሃያ አራት፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ አሥራ ሁለት እና ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ አማካዩ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል። ነገሩን ይበልጥ የሚያሳምን ያደረገው በሆላንድ ደ ቢልት በሚገኘው ጣቢያ፣ የምድርን ንዝረት የሚመዘግበው ሳይስሞግራፍ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 የሳላቸው መስመሮች እጅግ መመሳሰላቸው ነበር። በ1934 እና በ1966 የደረሱት ደግሞ ከዋናው መንቀጥቀጥ አሥራ ሰባት ደቂቃ አስቀድሞ መጠኑ 5 አካባቢ የሆነ ቅድመ መንቀጥቀጥ ያሳዩ ሲሆን፣ የሁለቱም ስብራት ከሰሜን ምዕራብ ጀምሮ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሮጧል። ከዚህ ተነስቶ በዚያ ቦታ የሚደርሰው መንቀጥቀጥ ሁሉ የአንድ ዓይነት ክስተት ድግግሞሽ ነው የሚለው እምነት ተጠናከረ።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ቀድመው መታየት ነበረባቸው። አንደኛ፣ ከስድስቱ ክስተቶች በመሣሪያ የተመዘገቡት ሦስቱ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከሰዎች ምስክርነትና ከጽሑፍ ዘገባ የተገመቱ ናቸው። ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለትና ሠላሳ ሁለት የሚሉት ቁጥሮች ከሃያ ሁለት በጣም ይርቃሉ። ዊሊያም ባኩንና አለን ሊንድ በ1985 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት ይህን ችግር የፈቱት የ1934ቱን መንቀጥቀጥ ያለ ጊዜው ቀድሞ የመጣ ልዩ ክስተት አድርገው በመቁጠር ነው፤ በ1944 አካባቢ መድረስ የነበረበት ክስተት በቅድመ መንቀጥቀጥ ተቀስቅሶ አሥር ዓመት ቀድሞ ፈነዳ ከተባለ፣ 1966 በትክክለኛ ሰዓቱ ይውላል፣ ቀጣዩም በ1988 አካባቢ፣ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ስሕተት፣ መምጣት አለበት። በሒሳብ ረገድ አካሄዱ ነቀፌታ የለውም። ከአምስት የጊዜ ልዩነቶች ሁለቱን በልዩ ማብራሪያ አርሞ በቀሪዎቹ ላይ ሥርዓት መገንባት ግን ሥርዓቱን ከማስረጃው ይልቅ ለማብራሪያው ባለዕዳ ያደርገዋል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ታሪክም በዚህ ዓይነት ብድር የተሞላ ነው።

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት በዚያው ዓመት ከ1993 በፊት መንቀጥቀጡ የመከሰት ዕድሉ 95 ከመቶ መሆኑን በይፋ አስታወቀ። የመሬትን መለጠጥ፣ የስንጥቁን ዝግ ያለ መንሸራተት፣ የጉድጓድ ውኃን ከፍታና የመግነጢስ ለውጥን የሚለኩ መሣሪያዎች በአካባቢው ተተከሉ፤ መንቀጥቀጡ ከመድረሱ በፊት ምድር የምትሰጠው ምልክት ካለ አንዱም እንዳያመልጥ ታስቦ ነበር። በጥቅምት 1992 መጠነኛ መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ባለሥልጣናት በሰባ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ዋናው ሊከተል ይችላል ብለው ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ አወጁ፣ ጋዜጠኞችም ወደ መንደሯ ጎረፉ፣ ምንም ግን አልሆነም። 1993 አለቀ። ከዚያም አሥር ዓመት በላይ አለፈ።

መንቀጥቀጡ የመጣው መስከረም 28 ቀን 2004 ሲሆን፣ መጠኑ 6.0፣ ቦታውም የተተነበየው ቦታ ነበር። በመጠንና በቦታ ረገድ ባኩንና ሊንድ ትክክል መሆናቸውን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም፤ በጊዜ ረገድ ግን ከማዕከላዊ ግምታቸው አሥራ ስድስት ዓመት ዘግይቷል። የዘገየ ብቻም አልነበረም። ስብራቱ ከቀድሞዎቹ ሁለቱ በተቃራኒ ከደቡብ ምሥራቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሮጠ ሲሆን፣ ቅድመ መንቀጥቀጥ አልነበረውም፤ ለሃያ ዓመታት ያህል ሲጠብቁ የቆዩት እጅግ ስሱ መሣሪያዎችም ከመፈንዳቱ በፊት በእርግጠኝነት ምልክት ነው ሊባል የሚችል ነገር አላሳዩም። በዚህ ረገድ የፓርክፊልድ ሙከራ ከከሸፈ ትንበያ ይልቅ እንደተሳካ ፈተና ሊቆጠር ይገባዋል፣ ምክንያቱም በዓለም ላይ በዚያ ደረጃ መሣሪያ ተከቦ የተጠበቀ ሌላ መንቀጥቀጥ ስላልነበረ፣ ከመሣሪያዎቹ የተገኘው ዝምታ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ለምን ዘገየ የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለውም። በግንቦት 1983 በአቅራቢያው በምትገኘው ኮሊንጋ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ስለነበር፣ በፓርክፊልድ ስንጥቅ ላይ ያለውን ውጥረት በከፊል አላልቶት ሊሆን እንደሚችል በርካታ ተመራማሪዎች አስልተዋል። ይሁን እንጂ ጄሲካ መሪና ፖል ሲገል በ2002 ያሳተሙት ሥራ ከዚህ ጠለቅ ያለ ነገር ያነሳል። በእነርሱ ልኬት መሠረት፣ ከ1966 ወዲህ በስንጥቁ ላይ እንደገና የተጠራቀመው ውጥረት በ1966 የተለቀቀውን ያህል ከሞላ ብዙ ዓመታት አልፈውታል። ይህም ማለት ቀድሞ የወጣው ኃይል ሲተካ መንቀጥቀጡ ይመጣል የሚለው ቀጥተኛ ደንብ፣ ለመፈተን እጅግ አመቺ በሆነው በራሱ ቦታ እንኳ አልሠራም ማለት ነው። ስንጥቅ የሚለቅቅበት የውጥረት ደረጃ ቋሚ አይደለም፤ ከአለቱ ሰበቃ፣ ከውስጡ ውኃ ግፊትና ከጎረቤት ስንጥቆች ጋር አብሮ ይለዋወጣል።

ፓርክፊልድ ትንሽ የስንጥቅ ክፍል በመሆኗ የሚያሳስበው ጥያቄ ይህ አመለካከት በትላልቆቹ ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ታላቅ መንቀጥቀጥ ያልደረሰባቸው የሰሌዳ ድንበር ክፍሎች ቀጣዮቹ ተረኞች ናቸው የሚለው ሐሳብ፣ የክፍተት ንድፈ ሐሳብ በሚል ስም ከ1960ዎቹና 1970ዎቹ ጀምሮ ታላቅ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። በ1979 ዊሊያም ማክካንና ባልደረቦቹ ውቅያኖሱን በአደጋ ደረጃ የከፋፈለ ካርታ ሠሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያን ካጋንና ዴቪድ ጃክሰን በካርታው ላይ ያለውን ትንበያ በደረሱት መንቀጥቀጦች ሲመዝኑት፣ ከፍተኛ አደጋ የተባሉት ቦታዎች ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ሲንቀጠቀጡ አልተገኙም፤ እንዲያውም አዝማሚያው በተቃራኒው ነበር። የካርታው ደጋፊዎች በአመዛዘኑ ላይ ተከራክረዋል፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ነገር ግን ተረኛውን ማወቅ ተራ ከመቁጠር ይልቅ የሚከብድ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም።

በዚህ ረገድ ከጃፓን በላይ ረጅም መዝገብ ያለው አገር ጥቂት ነው። ናንካይ በሚባለው የባሕር ሥር ጉድባ፣ የፊሊፒን ባሕር ሰሌዳ ከጃፓን ሥር በሚገባበት፣ ታላላቅ መንቀጥቀጦች ከ684 ጀምሮ በጽሑፍ ሲወሱ ቆይተዋል። በ1707 ሙሉ ጉድባው በአንድ ጊዜ ሲሰበር፣ በ1854 ምሥራቃዊውና ምዕራባዊው ክፍል በሠላሳ ሁለት ሰዓት ልዩነት፣ በ1944 እና በ1946 ደግሞ በሁለት ዓመት ልዩነት ተሰብረዋል። በመጨረሻው ዙር ከምሥራቅ ጫፍ ቶካይ የተባለው ክፍል ሳይሰበር በመቅረቱ፣ ካትሱሂኮ ኢሺባሺ በ1976 ይህ ክፍል ሊፈነዳ ቀርቧል ብሎ አስጠነቀቀ። የጃፓን ምክር ቤትም በ1978 ልዩ ሕግ አወጣ፦ መሣሪያዎች ያልተለመደ ነገር ሲያሳዩ የባለሙያዎች ኮሚቴ እንዲሰበሰብ፣ ከዚያም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማስጠንቀቂያ አውጀው ባቡሮች እንዲቆሙ፣ ትምህርት ቤቶችም እንዲዘጉ።

ቶካይ እስከ ዛሬ አልፈነዳም። በመሃሉ ግን በ1995 ኮቤ ላይ ስድስት ሺህ ሰው የገደለ መንቀጥቀጥ ደረሰ፣ በመጋቢት 2011 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን መጠኑ 9.0 የሆነውና ባስነሳው የባሕር ማዕበል ከ18 ሺህ በላይ ሰው የሞተበትና የጠፋበት መጣ። በዚያ አካባቢ ያለው ትምህርት ከፓርክፊልድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሚያጊ ጠረፍ መጠናቸው 7.5 አካባቢ የሚሆን መንቀጥቀጦች በአማካይ በየ37 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ፣ ባለሥልጣናት ቀጣዩ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉን 99 ከመቶ ብለውት ነበር። ቦታው በግምት ተገኘ፣ መጠኑ ግን የማይታሰብ ሆነ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የሚለው ሥርዓት ከብዙ መቶ ዓመታት አንዴ የሚመጣ፣ ብዙ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ የሚሰብር ክስተትን ሸፍኖ ይዞ ነበር፤ ምስክሩም በሰንዳይ ሜዳ ላይ በ869 የመጣው የጆጋን ማዕበል የተወው የአሸዋ ንብርብር ሲሆን፣ ጥቂት ተመራማሪዎች ከአደጋው በፊት አጥንተውት ነበር። ጃፓን በ2017 የቶካይን ትንበያ በሕጉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ለማወጅ የሚበቃ አስተማማኝነት የለውም በሚል ሥራውን አቁማለች።

ካለፉ ክስተቶች ተነስቶ ከታሰበው በላይ የተሳካ ሥራ የተሠራው በቱርክ ነው ማለት ይቻላል። የሰሜን አናቶሊያ ስንጥቅ ከታኅሣሥ 1939 የኤርዚንጃን መንቀጥቀጥ በኋላ በ1942፣ በ1943፣ በ1944፣ በ1957 እና በ1967 ወደ ምዕራብ እየተራመደ ተሰብሯል። ሮስ ስታይን፣ አይኩት ባርካና ጄምስ ዲትሪች በ1997 እንዳስረዱት፣ አንድ ክፍል ሲሰበር የራሱን ውጥረት ቢያራግፍም በጫፎቹ ላይ ያለውን ጎረቤት ይጫነዋል፣ እናም ከእነዚህ መንቀጥቀጦች አብዛኞቹ የደረሱት ቀዳሚዎቹ ውጥረት በጨመሩበት ቦታ ነው። ከዚህም ተነስተው በኢዝሚት አቅራቢያ ከባድ መንቀጥቀጥ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉን 12 ከመቶ አደረጉት። ነሐሴ 17 ቀን 1999 ኢዝሚት ተመታ፤ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። ሆኖም 12 ከመቶ የሚለው ቁጥር ትክክል ነበር ለማለት አንድ መንቀጥቀጥ አይበቃም፣ ምክንያቱም ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ አይደርስም ማለትም ስለነበረ። የጥናቱ እውነተኛ ጥቅም ጊዜን ከመናገር ይልቅ ቅደም ተከተልን ማስረዳቱ ነው፤ ከ1999 በኋላ ዓይን ሁሉ ወደ ቀጣዩ ያልተሰበረ ክፍል፣ ወደ ኢስታንቡል ደቡብ ወደ ማርማራ ባሕር የዞረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለአጭር ጊዜ ትንበያ የሚያገለግለው ዕውቀት ከዚህ ሁሉ ይለያል፣ በጥራትም ይሻላል። ጃፓናዊው ኦሞሪ ፉሳኪቺ በ1894 እንዳሳየው፣ ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ የሚመጡት ድህረ መንቀጥቀጦች ቁጥር ጊዜ ባለፈ ቁጥር በሚታወቅ መንገድ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ከአደጋ በኋላ ለነፍስ አድን ሠራተኞች የሚሰጡት የዕድል ሰንጠረዦች የዚህ ደንብ ልጆች ናቸው። አስቸጋሪው ነገር አንድ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ዋናው ይሁን ቅድመ መንቀጥቀጥ መለየት አለመቻሉ ነው፤ በካሊፎርኒያ ትልቅ የሚከተለው ከሃያ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ቻይና በየካቲት 1975 ሃይቼንግን ቀድማ ያስለቀቀችው በአመዛኙ ከመንቀጥቀጡ በፊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ንዝረቶች በመሰማታቸው ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ታንግሻን ያለ አንዳች ቅድመ መንቀጥቀጥ ፈራርሳ በይፋዊ ቁጥር 242 ሺህ ሰው አልቆባታል።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ይህን ዘዴ ለመጠቀም የሚያስቸግረው ገና ከቁጥሩ ይጀምራል። ሰሌዳዎቹ በዋናው ስምጥ ውስጥ የሚራራቁት በዓመት ከአምስት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ውጥረት ለመጠራቀም ከሳን አንድሪያስ ይልቅ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያው ልክ መዝገቡ መርዘም ነበረበት። ፒየር ጉዋን በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የመሣሪያ መረጃን አሰባስቦ የማይናቅ ዶሴ ትቷል፤ በ1961 በካራ ቆሬ ዙሪያ የደረሰውና ማጀቴን ያወደመው መንቀጥቀጥም በዚያ በዝርዝር ቀርቧል። ይሁን እንጂ በአንድ ስንጥቅ ላይ ድግግሞሽ ለመቁጠር የሚያስችል ተከታታይ ክስተት ከዚያ ማውጣት አይቻልም። ከመስከረም 2024 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የታየው ደግሞ ሌላ ባሕርይ ነበረው፤ ምንጩ በምድር ውስጥ ስንጥቅን ተከትሎ ሰርጎ የሚገባ ቅልጥ አለት በመሆኑ አንድ ዋናና ተከታዮቹ ሳይሆን ለወራት የዘለቀ የንዝረት መንጋ ሆኖ፣ እስከ 6.0 የደረሰውም በየካቲት 2025 በመሃሉ የመጣ ነው። ለእንዲህ ያለ ክስተት ከድግግሞሽ ቆጠራ ይልቅ ቅልጥ አለቱ የት እንደደረሰ በሳተላይትና በጣቢያዎች መከታተል ይበልጥ ይጠቅማል።

ያለፈውን መመዝገብና ዕድልን መናገር እስከ ምን ድረስ እንደደረሰ የሚያሳየው ከጃፓን የመጣ የቅርብ ክስተት ነው። ነሐሴ 8 ቀን 2024 በሂዩጋናዳ ባሕር መጠኑ 7.1 የሆነ መንቀጥቀጥ በደረሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የአገሪቱ የሜትዮሮሎጂ ድርጅት፣ ከ2017 በኋላ በተዘረጋው አዲስ ሥርዓት፣ የመጀመሪያውን የናንካይ ማሳሰቢያ አወጣ። ማሳሰቢያው ትልቁ መንቀጥቀጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከፍ ማለቱን ሲገልጽ፣ ከፍ ያለውም ቢሆን ከመቶ አንድ የማይሞላ ነበር፤ ማንም ቤቱን እንዲለቅ አልተጠየቀም፣ የመውጫ መንገዱንና የውኃ ክምችቱን እንዲፈትሽ ግን ተነገረው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪሺዳ ወደ መካከለኛው እስያ ሊያደርጉት የነበረውን ጉዞ ሰረዙ፣ አንዳንድ የባሕር ዳርቻዎች በበዓል ሰሞን ተዘጉ፣ ሆቴሎችም ቀጠሮ ተሰረዘባቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ምንም ሳይደርስ ማሳሰቢያው ተነሳ፣ በዚህም ሰዎች ትንበያው ከሸፈ ሲሉ፣ ባለሙያዎቹ ደግሞ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ የሚሆነው ዕድል መድረሱን ሲያስረዱ ከረሙ።